በሕግ አምላክ፤ ከሠርጉ ቤት ደጃፍ



ከከተራ ጀምሮ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወርደው፣ ውርጭ ባልለቀቀው ሜዳ በድንኳን አድረው፣ በካህናት ዝማሬና በምእመናን እልልታ ታጅበው ይመለሳሉ። በጥምቀት ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን የሚከበረው ቃና ዘገሊላ ነው። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት የቃናው ተአምር የተፈጸመው የካቲት 23 ቀን ሲሆን፣ አበው የውኃን በዓል ከውኃ በዓል ጋር አስማምተው ከጥምቀት ቀጥሎ እንዲከበር ሥርዓት ሠርተዋል። ይህም ለባላገሩ ኑሮ የተመቸ ሆኖ ተገኝቷል። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ከመያዙ በፊት ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ነውና። ጠላው የሚጠመቀው፣ ዳሱ የሚጣለው፣ ሽማግሌ የሚላከው በእነዚሁ ሳምንታት ነው።

በዚህ ወቅት በእያንዳንዱ ሠርግ ቤት ደጃፍ ሁለት ሕጎች ይገናኛሉ። አንደኛው ካህኑ በመስቀሉ የሚያጸናው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። ሁለተኛው መንግሥት በዐዋጅ የደነገገው የሀገር ሕግ ነው። ሁለቱ ተስማምተው ሲገቡ ቤቱ ይባረካል። አንዱ ሌላውን ሲሸሽ ወይም አንዱ የሌላውን በትር ልያዝ ሲል ግን ጉዳቱ የሚያርፈው ድምፅዋ ባልተሰማው ሙሽራ ላይ ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም የሚያተኩረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ይሆናል።

በሀገራችን ቋንቋ «በሕግ አምላክ!» የሚል ቃል አለ። ዱላውን የሰነዘረ ጎልማሳ ይህን ቃል ሲሰማ እጁን ይሰበስባል። ባለዕዳ ከመንገድ ላይ ይቆማል። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይላሉ። የዠማንና የወንጭትን ወንዞች የክረምት ሙላት የሚያውቅ የመርሐቤቴ ሰው የዚህ አባባል ክብደት ይገባዋል። ልብ ብለን ካየነው ቃሉ ሕግንና አምላክን አንድ አያደርጋቸውም። ሕግ የራሱ ባለቤት እንዳለው፣ ከባለቤቱም በላይ የሚያይ ፈራጅ እንዳለ ብቻ ይመሰክራል። ሕዝባችን ሁለቱን ሥልጣናት ለይቶም አስማምቶም ሲኖር ብዙ ዘመን ማስቆጠሩን ይህ አጭር ቃል ያስረዳል።

እንደሚታወቀው በሀገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት የመንፈሳዊና የሥጋዊ ፍርድ ምንጭ ሆኖ የቆየው ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ፣ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ሲሆን፣ በ51 አንቀጾች የተከፈለ ነው። የመጀመሪያዎቹ 22 አንቀጾች ስለ መንፈሳዊው ሥርዓት፣ የቀሩት 29 አንቀጾች ስለ ሥጋዊው ጉዳይ ይናገራሉ። ሁለቱ በአንድ ጥራዝ ቢታሰሩም አዘጋጁ አላደባለቃቸውም። ስለ ጋብቻ የሚናገረው 24ኛው አንቀጽም የሚጋቡት ሰዎች ፈቃድ የሌለበትን ጋብቻ አይቀበልም። ይህንን በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ሥልጣናት ድንበር በሕግ እየተለየ መጥቷል። ከጠላት ወረራ ማክተም በኋላ በ1935 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ የቤተ ክርስቲያንን ፍርድ በመንፈሳዊ ጉዳይ ወሰነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን የመንግሥቱ ሃይማኖት ብሎ ሲያጸና፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊትና በልማድ ከሚፈጸሙት ጋር እኩል አድርጎ ተቀበለ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ቤተ ክርስቲያን ርስትና ጉልቷን አጣች። በ1980 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ ደንግጓል። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በሃይማኖት ሥርዓት ለሚፈጸም ጋብቻ በሕግ ዕውቅና ሊሰጥ እንደሚችል፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱም የግልና የቤተሰብ ጉዳያቸው በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይገልጻል። እንግዲህ ድንበሩ ግንብ ሳይሆን በር ያለው አጥር መሆኑን እናስተውላለን።

መንዞች ይህን ዓይነቱን አጥር ከሌላ ሊማሩት የሚገባቸው ሰዎች አይደሉም። የጓሳ ሣር ታሪክ ምስክር ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደኖረ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት፣ የአስቦና የጌራ ወገኖች ጓሳን ተካፍለው፣ በሕዝብ ፊት የተመረጠ አባ ቄራ ወይም አፈሮ ሾመው፣ ሣሩን እስከ ሦስትና አምስት ዓመት ዘግተው ይጠብቁት ነበር። አጨዳው በበጋ ይፈቀዳል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል በሚከበርበት በሐምሌ መጀመሪያ፣ ከብቱ ከጓሳ ይወጣል። ቀኑን የሚያስታውሰው የቤተ ክርስቲያን በዓል ነው፤ ቅጣቱን የሚያስፈጽመው የተመረጠው ሹም ነው። ካህኑ የአባ ቄራውን ዱላ አልያዘም፤ አባ ቄራውም በዓል አልሻረም። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፣ የአካባቢው ሕዝብ ጓሳን መልሶ በማኅበር ጠብቆ የክልሉን መንግሥት ዕውቅና እስከማግኘት ደርሷል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት ያ ደጋ የቆመው ሁለት ሥልጣናት በየድርሻቸው ስላገለገሉት ነው።

ለሣር የተደረገው ጥንቃቄ ለሴት ልጅ ለምን ይጎድላል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

የሀገሩ ሕግ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ቀጥሎም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመትን ወሰኑ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመውን፣ ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ሆኖም ሕጉ ከወጣ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው የሀገሪቱ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ከጥቂት ወራት ሳይሞላቸው ነው። በአማራ ክልል ያለው ዕድሜ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነበር። አካሏ ሳይጠና የምታረግዝ ልጅ በምጥ ስትሠቃይ የሚደርስባትን የፊስቱላ ጉዳት፣ ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በአዲስ አበባ ባቋቋሙት ሆስፒታል ከየገጠሩ ተሸክመው ያመጧቸው ሴቶች መስክረውታል።

ይህን ስንናገር ጣታችንን ወደ ምእመናን ብቻ መቀሰር አይገባንም። ነገሩ ከካህናቱ ቤት መጀመር አለበት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በድንግልና፣ በቁርባን፣ አንዲት ድንግል ያገባል። ከዚያም በሞት ብትለየው እንኳ ሌላ አግብቶ በክህነቱ ሊቀጥል አይችልም። ይህ ቀኖና የከበረ ነው፤ ማንም ዐዋጅ አይነካውም፤ ሊነካውም አይገባም። ነገር ግን በየገጠሩ ይህን ቀኖና መነሻ በማድረግ «ዕድሜዋ ሲገፋ ድንግልናዋ ያጠራጥራል» የሚል ልማድ ተፈጥሮ፣ ለዲያቆናት የሚታጩት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ሕፃናት ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀኖናው ንጽሕናን ጠየቀ እንጂ ልጅነትን አልጠየቀም። ንጽሕና በወላጅ ችኮላ አይጠበቅም፤ በራስ ፈቃድና በእግዚአብሔር ፍርሃት ነው የሚጠበቀው። በ18 ዓመቷ አውቃና ፈቅዳ ወደ ተክሊሉ የምትቀርብ ድንግል ቀኖናውንም ዐዋጁንም በአንድ ጊዜ ትፈጽማለች። የምትታጨው ልጅ ግን ምን እንደተጠየቀች እንኳ የማታውቅ ከሆነ፣ ፍትሐ ነገሥት የሚሻው ፈቃድ ከወዴት ይገኛል? እዚህ ላይ የሀገር ሕግ ቤተ ክርስቲያንን አልተቃወመም። የራሷን ሕግ አስታወሳት እንጂ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያሳዝነው በቤተ ክርስቲያን ስም መሸሸግ ነው። ወረዳው የልጅቱን ዕድሜ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ እንዳያጣራ፣ የሠርጉ ድግስ «ማኅበር ነው»፣ «ክርስትና ነው»፣ «ተዝካር ነው» ተብሎ የሚደገስበት ቦታ አለ። የጻድቁን ስም ጠርቶ፣ ጽዋውን አስቀምጦ፣ በጓዳ ሕፃን መዳር ሁለት በደል ነው። ሕግን ማታለል አንዱ ሲሆን፣ የቅዱሱን መታሰቢያ የሐሰት መጋረጃ ማድረግ ሁለተኛው ነው። በዚያ ድግስ ላይ ተገኝቶ ማዕዱን የሚባርክ ካህን ከሁለቱ በአንዱም ነጻ ሊሆን አይችልም።

«ካህን ዕድሜ ከየት ያውቃል? እርሱ ሐኪም ነውን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ቀላል ነው። ከካህን የበለጠ የዕድሜ ምስክር በገጠር የለም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የነበረው ካህን ነው። ክርስትና እናትዋ በየትኛው በዓል ሰሞን እንዳነሣቻት ታስታውሳለች። በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደሆነ የንስሐ አባቱ ያውቃል። ዘመኑ የማቴዎስ ይሁን የሉቃስ ብሎ የሚቆጥር ሕዝብ ልጁን ዐሥራ ስምንት ዓመት መቁጠር አያቅተውም። በየደብሩ የክርስትና መዝገብ ተይዞ ቢጠበቅ፣ ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ መንግሥት ከጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጋር ቢመሳከር፣ ጥርጣሬው በሙሉ ይወገዳል። ይህን ለማድረግ ከደብሩ የሚጠየቀው አንድ ደብተርና አንድ ትጉህ ጸሐፊ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ትዳር ሲፈርስና ጠብ ሲነሣ ያለው ነው። በሀገራችን ገጠር ሕዝቡ በአብዛኛው የሚጋባው በሰማንያ ሲሆን፣ ቁርባን ለካህናቱና ዕድሜያቸው ለገፋ ባልና ሚስት የተተወ መስሎ ቆይቷል። በቁርባን የጸና ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ፊት ሰው ሊፈታው አይችልም። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ግን ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም ፍቺውን በአንድ ዓይነት ሕግ ያያል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንዳንዱ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ መጥቶ «ተፈትቻለሁ፤ ሌላ አጋቡኝ» እያለ ካህኑን ያስጨንቃል። ወረቀቱ ንብረቱን ይከፍላል እንጂ ሥጋ ወደሙ ያተመውን አይፈታም። በሌላ በኩል ደግሞ የተጎዳችን ሚስት «በቁርባን ነውና ፍርድ ቤት መሄድ ኃጢአት ነው» ብሎ ከጋራ ሀብቷ የሚያስቀር አለ። ይህም ትክክል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በትዳር መጽናትን ታስተምራለች እንጂ መበለትን ወይም የተበደለችን ሴት ያለ ጥማድ በሬና ያለ መሬት አስቀሩ ብላ አላስተማረችም።

በዕርቅ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ካህን አስታራቂ ነው፤ ግዝትም የእርሱ ሥልጣን ነው። ደም የተቃባን ማስታረቅ፣ ቂም የቋጠረን ማስፈታት ከቅዳሴ ቀጥሎ ትልቁ አገልግሎቱ ነው። ነገር ግን ኃጢአትና ወንጀል በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ካህኑ ኃጢአቱን በንስሐ ይቀበላል፤ ወንጀሉን ግን ለዳኛ ይተዋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚድንበት በር ነበረው። የ1997ቱ ሕግ ይህን በር ዘግቶታል። እንግዲህ «ልጅቱን ያግባትና ይታረቁ» ብሎ መስቀል የሚያሳልም ሽማግሌና ካህን ሕግ የዘጋውን በር በመስቀል እየከፈተ ነው። መስቀል ግን የተበዳይ መሸሸጊያ እንጂ የበዳይ ቁልፍ አይደለም።

ሕጉን የሚያስፈጽሙትም ወገኖች ድርሻቸውን ሊያስቡ ይገባል። ሕጉን ሊያስጠብቅ የመጣ ሹም በቅዳሴ መካከል ገብቶ ማወክ፣ የቀኖናን ፍቺ ልንገራችሁ ማለት፣ ባለጠጋውን ደጋሽ ትቶ ድኻውን ደብተራ ማሠር አይገባውም። የሕግ ሰው ወደ ደብሩ መምጣት ያለበት ሠርጉ በደረሰ ዕለት ሳይሆን ከገና ጾም አስቀድሞ፣ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ሳለ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ሕግ የሚጠብቃት አካል ናት። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጪ የጳጳሳት ሢመት በተፈጸመ ጊዜ፣ ሲኖዶሱ በቀኖናው መሠረት ውግዘት አስተላለፈ። ይሁን እንጂ ውግዘት የአብያተ ክርስቲያናትን ደጃፍ ከግጭት አይጠብቅምና ቤተ ክርስቲያን ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ብላ የካቲት 3 ቀን የእግድ ትእዛዝ ተሰጥቷታል። ማን ጳጳስ እንደሆነ የወሰነው ቀኖናው ነው፤ ደጃፉን የጠበቀው ሕጉ ነው። ለራሷ ደጃፍ «በሕግ አምላክ!» ያለች ቤተ ክርስቲያን ለአንዲት ልጅ ደጃፍ ይህን ቃል ልትነፍግ አትችልም።

ይልቁንም ባለፉት ዓመታት የሆነውን እናስብ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት፣ ሰሜን ሸዋን ጨምሮ በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራ ተስተጓጉሎ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዕድሜ የሚጠይቅ መምህር አይኖርም። ጤና ጣቢያው ባዶ ሲሆን የሚመረምር የለም። ዳኛው በማይደርስበት ቀበሌ ወላጅ በስጋት ልጁን «ከመጠለፍ መዳር ይሻላል» ብሎ ሊሰጣት ይነሣል። በዚያን ጊዜ ደጃፉ ላይ የቆመው ካህኑ ብቻ ነው። የሀገር ሕግ እጁ በማይደርስበት ቦታ የሚቀረው ብቸኛ ሕግ የንስሐ አባት ቃል ነው። እርሱ «ይህች ልጅ አልደረሰችም፤ አልባርክም» ካለ ዳሱ ይፈርሳል። ዝም ካለ ግን ኋላ የሚመጣው ዳኛ የጠፋውን ልጅነት መልሶ አይሰጥም።

ጌታችን በቃና የተገኘው ተጠርቶ ነው። እንግዳ ሆኖ ከታዳሚዎች ጋር ተቀመጠ፤ የጎደለውን ሞላ፤ የሠርጉን ባለቤቶች ከኀፍረት አዳነ። የግብሩን ዲናር ባሳዩት ጊዜ ደግሞ ለመንግሥት የሚገባውንና ለእግዚአብሔር የሚገባውን ለይቶ፣ ሁለቱንም እንድንከፍል አዟል። ዕድሜ፣ ፈቃድና ምዝገባ ለሀገር የሚከፈል ነው። ንጽሕና፣ ታማኝነትና ጸሎት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው። አንዱን ከፍሎ ሌላውን ያስቀረ ዕዳው አልተሰረዘለትም።

ስለዚህ በዚህ የሠርግ ወቅት በመንዝም ሆነ በግሼ፣ በመርሐቤቴም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል ያላችሁ አባቶች ካህናት፣ ለተክሊል ወይም ለቡራኬ ስትጠሩ አስቀድማችሁ የልጅቱን የክርስትና ዓመት ጠይቁ፤ ፈቃዷንም ወላጆቿ በሌሉበት ከራሷ አንደበት ስሙ። እናንተም ክርስትና እናቶች፣ ያነሣችኋትን ልጅ ዓመት ተናገሩ፤ በጥምቀት ቀን የተቀበላችሁት አደራ ይህ ነው። ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ሠርግ በፀሐይ ደግሱት። በጨለማ የተደገሰ ሠርግ ጌታን ሊጠራ አይችልምና።

እግዚአብሔር አምላክ የቃናን ቤት እንደባረከ የሀገራችንን ቤቶች ይባርክልን። መልካም በዓል።